ከሻይ ዋጋ ላይ የወረደችው ሦስት

የስታዲየማችን የውጤት ሰሌዳ በኤሌክትሪክ አይሠራም። በእኔ ነው የሚሠራው። ከአንደኛው ጎል ጀርባ፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ደረጃ አናት ላይ፣ በብረት ቋሚዎች የተተከለ ሰሌዳ አለ፤ ከሰሌዳው ሥር ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም የእንጨት መደብ። እዚያ ላይ ቆሜ ግብ በገባ ቁጥር አንዱን ቆርቆሮ አውርጄ ሌላውን ከመንጠቆው ላይ እሰቅላለሁ። የኛ ቡድን ቁጥሮች ሰማያዊ ናቸው፣ የእንግዳው ጥቁር። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፤ አሥር ሰማያዊ፣ አሥር ጥቁር። ሃያዎቹንም የቀባኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የትም ሳልደርስ ስቀር፣ «ጽሑፉ ያምራል» ተብዬ ለሁለት ቀን ቀለም ልቀባ ገባሁ፤ ይኸው ሰባት ዓመት ሞላኝ።

ሥራው ለእኔ ብጤ ይስማማል። ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር አይጠይቅም። ሜዳውን፣ ከሜዳው ማዶ ያለውን ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፉትን አውቶቡሶችና ከነሱ በላይ ያለውን ሰማይ ሁሉ አያለሁ። አንዳንዴ ሰማዩን ሳይ ጨዋታው ያመልጠኛል። ግብ ገብቶ፣ ሕዝቡ ጮሆ፣ ኳስ መሀል ሜዳ ተቀምጣ፣ እኔ ገና አንዱ ደመና ሌላውን ሲደርስበት እያየሁ ነው። ያኔ ከታች «ሰሌዳው ተኝተሃል እንዴ» ይሉኛል። ስሜ እዚያ ቤት «ሰሌዳው» ነው።

ከእግሬ ሥር፣ ከደረጃው ሆድ ውስጥ፣ የእናቴ የሻይ መስኮት አለ። መስኮቱ ፊቱን ወደ መተላለፊያው፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው ሰጥቷል። እናቴ እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻይ ስትሸጥ አንድም ጨዋታ አላየችም። ተመልካች ከመግባቱ በፊት ገብታ ማፍያውን ትለኩሳለች፣ ተመልካች ከወጣ በኋላ ብርጭቆ አጥባ ትወጣለች። ውጤቱን የምታውቀው በጣሪያዋ ነው። ሕዝቡ የሚረግጠው የሷን ጣሪያ ነውና።

«ስታገቡ አቧራ ይወርድብኛል» ትላለች። «ሲገባባችሁ ደግሞ ጣሪያው ጭጭ ይላል። ዘንድሮ መስኮቴ እንዴት ንጹሕ እንደሆነ አየህ?»

የኔንም ሰሌዳ አይታው አታውቅም። ከፊት ለማየት ሜዳውን ዞሮ ማዶ መሄድ ያስፈልጋል። «አንድ ቀን አየዋለሁ» እያለች ነው ዓመታቱ ያለፉት። ከመሰላሉ ስወርድ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቀጥ አድርገህ ነው የሰቀልከው?»

አንድ ልማድ አለን፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። ከኔ በፊት የነበረው ሽማግሌ ነው ያስተማረኝ። የጨዋታ ውጤት ጨዋታው ሲያልቅ አይወርድም። የሚቀጥለው ጨዋታ የመክፈቻ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ተሰቅሎ ይቆያል። «ያገኙትን ተሸክመው ይክረሙ» ይል ነበር ሽማግሌው። ካሸነፍን ሳምንቱን ሙሉ በድልድዩ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ከተሸነፍንም ያየዋል። ዘንድሮ በአሥራ አራት ጨዋታ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፈን፣ ሦስት ጊዜ እኩል ወጥተን፣ አንድም ጊዜ አላሸነፍንም። ዜሮ ለሁለት አንድ ሳምንት ከረመ። አንድ ለአራት ሁለት ሳምንት ከረመ። ሰማያዊዋ ዜሮ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ቀለሟ ለቀቀ፤ እንደገና ቀባኋት።

በዓመቱ መሀል ክለቡ ገንዘብ ሲያጥረው የምግብና የመጠጡን ሥራ በጨረታ ለአንድ ሰውዬ አስተላለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው «ጨረታው» ተባለ። ክፉ ሰው ነው ለማለት ይከብደኛል። ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ሰላምታ አይዘልም፣ ሲናገር በእስክሪብቶው አየር ላይ ያሰምራል። እናቴን ከመስኮቷ አላስወጣትም፤ ደመወዝተኛው አደረጋት እንጂ። ቁልፉንም «ለጊዜው እርስዎ ጋ ይሁን» አላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሽርጧ ማሰሪያ ላይ ቋጥራ የያዘችው ቁልፍ «ለጊዜው» ሆነ።

መጀመሪያ በሩ ላይ ጥበቃ አቁሞ ከውጭ ውሃም ዳቦም ይዞ መግባት ከለከለ። ቀጥሎ ዋጋ ጨመረ። እናቴ አምስት ትሸጠው የነበረው ሻይ አሥር ገባ። ስንሸነፍ ተመልካች ቀነሰ፤ ተመልካች ሲቀንስ ሻዩ አሥራ ስምንት ሆነ። እንደገና ተሸነፍን፤ ሃያ አምስት ሆነ።

«ልጄ» አለችው እናቴ አንድ ቀን፣ «ሰው ሲያንስ ዋጋ ይቀነሳል እንጂ ይጨመራል እንዴ?»

«እናቴ፣ ንግድ እኮ ነው። ድሮ ሺህ ሰው ይጠጣ ነበር፤ አሁን ሁለት መቶ ነው። ሁለት መቶው የሺውን መሸፈን አለበት።»

«ሁለት መቶውም እየጠጡ አይደለም።»

«ስለዚህ ትንሽ እንጨምራለን ማለት ነው» አለና በእስክሪብቶው አየር ላይ አሰመረ።

እናቴ ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። ሳቋን የያዘች ጊዜ የግራ ጉንጯ ይሰረጉዳል።

ነገሩ እየከረረ የመጣው በበረኛው ምክንያት ነው። በረኛው ድሮ የዚህ ቡድን በረኛ የነበሩ፣ አሁን ስልሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሰውዬ ናቸው፤ ሁለት ጣታቸው ወደ ጎን ተጣሞ ቀርቷል፣ ኳስ የሰበረው። ቦታቸው ከሰሌዳው ሥር፣ የመጨረሻው ደረጃ ጫፍ ላይ ነው። በእረፍት ሰዓት ይወርዱና መስኮቱ ፊት ይቆማሉ፤ እናቴ ሳይጠይቋት ስኳር አንድ ተኩል አድርጋ ትሰጣቸዋለች። ሻዩ ሃያ አምስት የገባ ዕለት ወርደው፣ ዋጋውን አዩና፣ ኪሳቸውን እንኳ ሳይነኩ «ዛሬ ሆዴን ትንሽ አሞኛል» ብለው ሊመለሱ ሲሉ፣ እናቴ ብርጭቆውን በመስኮቱ አሳልፋ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ አምስት ይስጡኝ።»

ጨረታው ኋላቸው ቆሞ ነበር። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሻጮቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ እኔም ከመሰላሉ ሥር ቆሜ እየሰማሁ፣ እንዲህ አለ። «የተሰቀለው ነው ዋጋው። ከተሰቀለው ወደ ላይም የለም፣ ወደ ታችም የለም። ከዛሬ በኋላ ከተሰቀለው ዝቅ አድርጎ የሸጠ ሰው ቁልፉን ያስረክባል።» ማንንም አላየም፤ ሁላችንም ግን እናቴን አየናት። እሷ ብርጭቆ እየጠረገች ነበር። ብርጭቆው ከጠራ ቆይቷል፤ መጥረጓን አላቆመችም።

እናቴ መስኮቷን ብታጣ በረሃብ አንሞትም። ግን እሷ «ወደ ሥራ ልሂድ» ብላ አታውቅም። «ወደ መስኮቴ ልሂድ» ነው የምትለው። አባቴ የሞተ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት መስኮቱን ከፍታ ነው ሰው ፊት የቆመችው። እኔን ፊደልም ቁጥርም ያስተማረችኝ እዚያው ባንኮኒ ላይ፣ ከፈሰሰ ሻይ በጣቷ እየጻፈች ነው። በልጅነቴ ሰባት ቁጥር ይጣፍጥ ነበር።

ቀጣዩ ጨዋታ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ጨረታው መሰላሉን ወጥቶ መደቤ ላይ ደረሰ። ከሰባት ዓመት ወዲህ እዚያ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በወረቀት የሚለጥፈውን ዋጋ የማፍያው እንፋሎት እየላጠበት፣ በቀለም እንዳይጽፈው ደግሞ ዋጋው በየጨዋታው እየተለወጠበት ተቸግሮ ነበር። ከመደቡ ዳር ባለው የእንጨት ግድግዳ ላይ፣ በምስማር የተደረደሩትን ቆርቆሮዎች አየና ፊቱ በራ።

«እነዚህን ሰማያዊዎቹን ስጠኝ። ከሦስት ጀምሮ ወደ ላይ ያሉትን።»

«የቡድኑ ናቸው እኮ።»

«ቡድንህ ዘንድሮ ከሁለት በላይ አግብቶ ያውቃል?»

ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊዋን ሁለት የሰቀልኳት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሦስትን አንድም ጊዜ አልነካኋትም።

«እንግዲህ ዜሮና አንድ፣ ካስፈለገም ሁለት፣ ይበቁሃል» አለ ሰባቱንም ቆርቆሮ በብብቱ እየያዘ። ከመሰላሉ ላይ ዞሮም «ሦስት ያገባችሁ ዕለት እኔ ራሴ መጥቼ እሰቅልልሃለሁ» አለና ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳረረኝ። ሰው ሊሆን የማይችል ነገር ሲያነሳ የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነበር።

ሦስትና አምስት ከእናቴ መስኮት በላይ ተሰቀሉ። ሻይ 35። ከጎኑ አራትና ስምንት፤ ዳቦ በእንቁላል 48። ስድስት፣ ሰባትና ዘጠኝ ተራቸውን እንዲጠብቁ ከባንኮኒው ሥር ገቡ። እናቴ አንገቷን አውጥታ ወደ ላይ አየች።

«የልጄ እጅ ነው» አለች። «ዋጋ ነው ወይስ ውጤት?»

«ዋጋ ነው፣ እናቴ» አላት ጨረታው።

«ሰላሳ አምስት ለባዶ በለኛ።»

የጨዋታው ቀን ካፊያ ነበር። እንግዳው ቡድን የሊጉ መሪ ነው። ተመልካቹ ስድስት መቶ ቢሆን ነው፤ ግማሹ ከዝናቡ ሊጠለል የገባ ይመስላል። እረፍት ሳንወጣ ሁለት ገባብን። ጥቁሯን ሁለት ሰቅዬ ወደ ታች ወረድኩ። መተላለፊያው ጭር ብሏል። እናቴ ማፍያውን ሞልታ አፍልታ፣ ክንዷን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ ቆማለች። ስንት እንደሸጠች ብጠይቃት «ሁለት» አለችኝ፣ «እንደ ውጤቱ።»

በረኛው በርቀት ቆመው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገዋል። ብርዱ ጣታቸውን ይቆረጥማቸዋል።

«ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» አለች እናቴ።

«አልመጣም። ቁልፍሽን አላስወስድም።»

«ቁልፉ ያሳሰበው ማንን ነው?»

«እኔን ነዋ። ሌላ ሰው ስኳር አንድ ተኩል ማድረግ አይችልበትም።» አሉና ደረጃውን ወጡ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ እንደ ልማዴ ሰማዩን ለማየት ሞከርኩ፤ ሰማዩ ግን ሁለመናው አመድ ስለነበር የሚታይ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ጨዋታውን አየሁ። ልጆቹ ከወትሮው የተለየ ነገር አልሠሩም፤ መሮጥ ብቻ አላቆሙም። በሃምሳ ስድስተኛው ደቂቃ አንድ አገባን። ዜሮዋን አውርጄ አንድን ሰቀልኩ። በሰባ አንደኛው አጥቂያችን ተጠልፎ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን፤ ገባ። ሁለትን ሳነሳት በዝናቡ ርሳ ከእጄ ልትወጣ ነበር። ሁለት ለሁለት። ከመቀመጫው ንቅንቅ የማይል የነበረው ስድስት መቶ ሰው ተነስቶ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የተቀመጠ አላየሁም።

ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት አገኘን። ኳሷ ተሻማች፣ በጭንቅላት ተመለሰች፣ ከሳጥኑ ውጭ ወጥታ ግራ ተከላካያችን እግር ሥር አረፈች። ግራ ተከላካያችን ሳምንቱን ሙሉ ከድልድዩ ሥር ጎማ የሚለጥፍ ልጅ ነው፤ በአራት ዓመት አንድም ግብ አስቆጥሮ አያውቅም። ሁሉም ያቀብላል ብሎ ሲጠብቅ መታት። የእንግዳው ቡድን በረኛ አልተንቀሳቀሰም።

ከእግሬ በታች ያለው ነገር ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሁለትን አውርጄ እጄን ወደ ግድግዳው ዘረጋሁ። እጄ ያገኘው ባዶ ምስማር ነው።

ሕዝቡ ወደ ሰሌዳው መዞር ጀመረ። ሰው ግቡን በዓይኑ ካየ በኋላም በሰሌዳ ላይ ሊያየው ይፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንጀራዬ ግን እሱ ነው። ጥቁሯ ሦስት ነፃ ናት። አንስቼ በኛ በኩል ሰቀልኳት። ጩኸቱ ለአፍታ ተቆረጠ። ከማዶ የነበሩት ግብ ተሽሮ ለእንግዳው የተሰጠ መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከታች አንዱ ሳቀ፣ አንዱ አፏጨ። በረኛው አንገታቸውን ወደ እኔ አቅንተው ጠሩኝ።

«ሰሌዳው።»

«አቤት ጋሼ።»

«ዓመቱን ሙሉ ተሸነፍን፤ የራሳችንን ልብስ ለብሰን ነው የተሸነፍነው። ዛሬ ብናሸንፍ የሰው ልብስ ታለብሰናለህ?»

«የኛዋ እታች ናት። ከሻዩ ዋጋ ላይ ናት።»

በረኛው ነገሩ ገባቸው። ሦስቷ ከወረደች እዚያ የምትቀረው አምስት ናት። «ተወው በቃ፣ ይቺው ትሁን» ብለው ወደ ሜዳው ዞሩ። እኔም ይቺው ትሁን ብዬ ነበር። ግን ጥቁሯን ሦስት ከኋላዋ ሆኜ ሳያት፣ በሚቀጥለው ሳምንት በድልድዩ የሚያልፉ ሁሉ እንግዳው በሁለቱም በኩል ያገባ መስሎ ሲታያቸው ታየኝ። ያ ጎማ ለጣፊ ልጅ ከድልድዩ ሥር ቀና ብሎ ሲያይ ታየኝ። መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

እናቴ ትከሻዋና ራሷ ላይ አቧራ ተነስንሶባት ነበር። እያራገፈች አልነበረም።

«ጣሪያው ሊወርድብኝ ምንም አልቀረው» አለች። «ስንት ነው?»

«ሦስት ለሁለት።»

«ለኛ?»

«ለኛ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ዓይኔን ወደ ዋጋው አነሳሁ። እሷም ተከትላ አነሳች። ማፍያው ለብቻው ያፏጫል።

«እማዬ፣ ከወሰድኳት ሻዩ አምስት ይሆናል። ሰው ሁሉ ሊወርድ ነው። ቁልፉን…»

«ቁጥር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለች። «ከሰላሳ አምስት ላይ ሦስቷ ብትነሳ ስንት እንደሚቀር አውቃለሁ።»

የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ወጣችበት። ሦስቷን በሁለት እጇ ከመንጠቆው አወጣች። ቆርቆሮዋ በእንፋሎት አልቧታል፤ በሽርጧ ፊቷንም ጀርባዋንም ጠረገችላት፤ እኔን ትምህርት ቤት ስትልከኝ ፊቴን ትጠርግ የነበረው እንዲሁ ነው፣ ትንሽ ጫን አድርጋ።

«እንካ። ቀጥ አድርገህ ስቀላት።»

ጥቁሯን አውርጄ ሰማያዊዋን ሦስት ስሰቅል ዘጠናው ደቂቃ ሊሞላ ነበር። ስለ ጩኸቱ ብዙ አልጽፍም፤ ግብ የገባ ጊዜ ከጮኹት ይልቅ ቁጥሯ የተሰቀለች ጊዜ የጮኹት ይበልጥ ነበር ካልኩ ይበቃል። ዳኛው አምስት ደቂቃ ጨመረ። አምስቱንም ደቂቃ ሦስቷን በእጄ ደግፌ ቆምኩ፤ መንጠቆው ይዟታል፣ እኔ ግን አልለቀቅኳትም። ፊሽካው ተነፋ።

ሕዝቡ ወደ መተላለፊያው ጎረፈ። የፊተኛው ሰውዬ እንደ ልማዱ አልፎ ሊሄድ ሲል የሻዩ ሽታ አቆመው።

«እናት፣ ሻይ ስንት ነው?»

እናቴ በማጥለያዋ ወደ ላይ አመለከተችው። «አንብበው።»

አነበበ። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ «አምስት ነው» አለ፣ ግብ የገባ ይመስል። ወረፋው መተላለፊያውን ሞልቶ በሩ ድረስ ደረሰ። እኔ ወርጄ ብርጭቆ ማጠብ ያዝኩ። እናቴ አንድም ጊዜ ቀና አላለችም፤ ትቀዳለች፣ ስኳር ታደርጋለች፣ ታሳልፋለች። ፊቷ የቀላው ከእንፋሎቱ ብቻ አይመስለኝም። ጎማ ለጣፊው ልጅ ማሊያውን ሳያወልቅ መጥቶ ከወረፋው መጨረሻ ቆመ፤ ሰዎች ወደ ፊት ገፍተው ገፍተው መስኮቱ ጋ አደረሱት። ለሱ ሁለት ብርጭቆ ቀዳችለት።

ጨረታው በሰዉ መሀል እየተሹለከለከ ደረሰ።

«ምንድነው ይሄ? ማን አወረደው?»

«እኔ» አለች እናቴ።

«እኔ» አልኩ እኔ።

«የተሰቀለው ነው ዋጋው አላልክም እንዴ ልጄ?» አለች እየቀዳች። «ወደ ላይም የለም፣ ወደ ታችም የለም። የተሰቀለውን አየሁ፤ አምስት ይላል።»

«እናቴ፣ አይቀልዱ። ይሄ መልሶ ይሰቀልና…» ወደ እኔ ዞረ። «ሂድ አውርዳት።»

ከሰው ፊት ቃል ማውጣት ይከብደኛል። ያን ዕለት ግን ወጣልኝ። «አትወርድም። ውጤት እስከሚቀጥለው ጨዋታ ፊሽካ ድረስ አይወርድም። ደግሞ ሦስት ያገባችሁ ዕለት ራሴ መጥቼ እሰቅልልሃለሁ ብለው ነበር፤ እርስዎ ሲዘገዩ ጊዜ እኔ ሰቀልኳት።»

በረኛው ብርጭቆውን በተጣመሙት ጣቶቻቸው ይዘው ከጎኔ ቆመዋል። «አሥራ አራት ጨዋታ ሙሉ ሽንፈታችን እዚያ ላይ ሲከርም አልቸኮልክም ነበር» አሉት። «ዛሬ ምን አጣደፈህ?»

ወረፋው ሳቀ። ጨረታው አልሳቀም። ሰው ሲስቅበት የሚሆነውን ሆነ፤ ፊቱ ጠበበ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ያልኩትን ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ቁልፉን ያስረክቡኝ።»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እናቴ ማጥለያዋን አንስታ ጸጥ አሰኘችው።

«እሰጥሃለሁ። ወረፋውን ልጨርስ።»

እና ጠበቀ። ምን ያድርግ? ሦስት መቶ ሰው ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ጥግ ይዞ፣ ንጹሕ ጫማውን ስንት ሰው እየረገጠበት፣ ቆሞ ጠበቀ። የመጨረሻው ብርጭቆ ታጥቦ ሲደፋ እናቴ ሽርጧን ፈታች፣ ቁልፉን ከማሰሪያው ላይ አወጣች፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ማፍያው ሲያፏጭ ክዳኑን ወደ ግራ ነው የምታዞረው፤ ወደ ቀኝ ካዞርከው ይፋጅሃል። ስኳሩ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከታች ከሆነ ጉንዳን ይገባበታል። መስኮቱ ሲዘጋ ትንሽ ከፍ አድርገህ ግፋው። የዛሬው ሽያጭ ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ቁጠረው።»

ቁልፉን አነሳ። እናቴ ሽርጧን አጣጥፋ ብብቷ ሥር አድርጋ፣ «ና እንሂድ፣ ልጄ» አለችኝ። በመተላለፊያው ስናልፍ የቆሙት ሰዎች ግራና ቀኝ ለቀቁላት። አንገቷን አልደፋችም። እናቴ አጭር ናት፤ ያን ዕለት ግን ከጎኗ ስሄድ ቀና ብዬ ያየኋት ነው የሚመስለኝ።

ሦስት ለሁለት ሁለት ሳምንት ከረመ። አውቶቡሶቹ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ጡሩንባ ይነፉ ነበር። ጎማ ለጣፊው ልጅ የተበሳ ጎማ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀና ብሎ እንዲያይ ያዘዋል አሉ። ጨረታው ነጭ ቁጥሮች አስቆርጦ ሰማያዊዎቹን በጥበቃው እጅ መለሰልኝ። መስኮቱን ሌላ ሴት ያዘችው፤ ሻዩ ሃያ ሆነ። እናቴ ከበሩ ውጭ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ፣ በሁለት ትላልቅ ፔርሙዝ አምስት ትሸጥ ጀመር። ሰዉ ከውጭ ጠጥቶ ይገባል። ሆድ ውስጥ ያለውን ሻይ ጥበቃው መንጠቅ አይችልም።

በሚቀጥለው ጨዋታ ቀን ከመደቤ ሆኜ ማዶውን ስቃኝ፣ ሁለት መቀመጫ ላይ ዓይኔ ቆመ። በረኛው ቦታቸውን ቀይረው ማዶ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው እናቴ ናት። ፔርሙዞቿን በሩ ላይ ለሚያውቃት ጥበቃ አደራ ሰጥታ፣ ቲኬት ቆርጣ ገብታለች። ከቤት ስንወጣ ምንም አልነገረችኝም። ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ እሷ ሜዳውን አታይም ነበር። ፊቷ ወደ ሰሌዳው ነው። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ከፀሐዩ እየተከለለች፣ ሦስቷን ታያታለች። ሳትወርድ ልትደርስባት ነው የመጣችው።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሦስቷ መውረድ አለባት፤ ልማዳችን ነው። እኔ ግን እጄን አላነሳሁም። ኳሷ ተንከባለለች፣ አንዱ ለአንዱ አቀበለ፣ ወደ ውጭ ወጣች፣ ተወረወረች። ሕዝቡ ሰሌዳውን አየ፣ እኔንም አየ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለዘገየሁባት ለእያንዳንዷ ደቂቃ የጮኸብኝ ሕዝብ ያን ዕለት «ተኝተሃል እንዴ» አላለኝም።

ከማዶ እናቴ እጇን ከግንባሯ አወረደች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አየር ላይ አግድም አሳለፈችው፣ ባንኮኒዋን ስትወለውል እንደምታደርገው፣ ቀስ አድርጋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ቀጥ ብላለች ማለቷ ነው።

ሦስቷን አወረድኳት። ዜሮዋን ሰቀልኩ።